ስደተኛው፣ መንደሩና ቅሬው



አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ ከሬሳዋ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ኬጢ ልጆች ሄደ። ለሙግት አልሄደም። እንግዳና መጻተኛ መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሮ ሚስቱን የሚያሳርፍበት የመቃብር ቦታ እንዲሰጡት ለመናቸው (ዘፍ. 23)። ያቺ ምድር ለእርሱና ለዘሩ በተስፋ የተሰጠች ሆና ሳለ፣ በዚያን ቀን ሬሳ የሚያኖርባት አንዲት ክንድ መሬት እንኳ አልነበረውም። ኬጢያውያኑም ከመቃብሮቻቸው ያማረውን መርጦ እንዲቀብር ፈቀዱለት። አብርሃም ግን በአገሩ ሕዝብ ፊት ሰግዶ፣ የማክፌላን ዋሻ ከነእርሻው በአራት መቶ ሰቅል ብር ገዛ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ዐይናችን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በዋጋው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት የሆነውን ልብ እንበል። እንግዳው ጠየቀ፤ ባለአገሩም አልከለከለም። እንግዳው በመስገዱ ክብሩ አልቀነሰም፤ ባለአገሩም በመፍቀዱ ርስቱ አልጎደለበትም። ሁለቱ ሕዝቦች በአምልኮም በልማድም የተለያዩ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ እንደ ተለያዩ ኖሩ። አብርሃም ኬጢያዊ አልሆነም። ነገር ግን ሙታኑ ከሙታናቸው አጠገብ ዐረፉ።

በዚህ እትም ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከአገሩ ወጥቶ በሌላ ሕዝብ መካከል የሚኖር ሰው ከወገኖቹ ጋር ተሰባስቦ የራሱን መንደር ሲመሠርት መልካም ያደርጋልን? ወይስ የተቀበለውን ሕዝብ እየናቀ ራሱን ይለያል? በአውሮፓና በአሜሪካ ስለዚህ ነገር ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይሟገቱበታል። አንዳንዶች እንግዳው ቋንቋውንና ልማዱን ትቶ እንደ ባለአገሩ ይሁን ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ በየመንደሩ እንደ ወደደ ይኑር ባዮች ናቸው። ልጆቻቸው በውጭ አገር ያሉ አንባብያን ይህን ክርክር በስልክ ይሰሙታል፤ የሩቅ አገር ችግርም ይመስላቸዋል። ለላስታ ሰው ግን ሩቅ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ በገዛ ሥጋው ሲያውቀው ኖሯል።

ኩልመስክ በላስታ ደጋ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የቅዱስ ላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ስሟን ሳይሰማ ይመለስ ይሆናል። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ገብስና ባቄላ እየዘራ፣ ድንጋይ እየካበ የሚኖር ሕዝብ ነው። በ1977 ዓ.ም. ዝናቡ በጠፋ ጊዜ ከላስታ፣ ከዋግና ከራያ የተነሣው ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም፣ ወደ ቆቦ፣ ወደ ወልድያ ጎረፈ። መንግሥትም በዚያው ዓመት የሰፈራ ዘመቻ አወጀ። ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ደጋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና በጎጃም ወደ መተከል ተወሰደ። ከዚህ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ርኃቡ አስጨንቆት በፈቃዱ የሄደ ብዙ ነው። ከገበያ ተከቦ የተጫነ፣ ሚስቱን ወይም ልጁን ሳያይ በአውሮፕላንና በአውቶቡስ የተጓዘም አለ።

ወደ መተከል የተወሰዱት በበለስ ሸለቆ፣ በፓዊ ሰፈሩ። በጣልያን መንግሥት ርዳታ የሚሠራ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተብሎ ዱሩ በትራክተር ተመነጠረ፤ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተቀየሱ፤ መንደሮቹም በስም ሳይሆን በቁጥር ተጠሩ። ስም ያለው ደብርና ስም ያለው ወንዝ ትቶ የመጣ ሰው አድራሻው ቁጥር ሆነ። በዚያም የወሎ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከምባታውም ሐዲያውም ሌላውም በየመንደሩ ነበር። የደጋው ሰው የማያውቀው ወባ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ጨረሰ። ገንዲ የተባለው በሽታ በሬውን ገደለበት።

የወሎ ሰው ወደዚያ ሲሄድ የያዘው ዕቃ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ቅሬውን ግን ይዞ ሄደ። ቅሬ በወሎ የቀብር ማኅበር መሆኑን ከሌላ ክፍለ ሀገር ለሆኑ አንባብያን እናስታውሳለን፤ ሌላው ዕድር የሚለው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በየሰፈሩ በአንድ ቅሬ ይሰባሰባል፤ መቃብር በኅብረት ይቆፈራል፣ ድንኳን በኅብረት ይተከላል፣ ለለቅሶተኛው ንፍሮው በኅብረት ይቀቀላል። ከፓዊ ተመልሰው በኩልመስክ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለ መጀመሪያው ዓመት ሲያጫውቱን እንዲህ አሉ፦ «አባ፣ ሌሊት ወባው ሲያንቀጠቅጠኝ የምፈራው ሞቱን አልነበረም። ሞቱንማ አገሬ ሳለሁ ለምጄዋለሁ። የፈራሁት የሚያነሣኝ እንዳላጣ ነው። ከላስታ የመጣነው ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት ቅሬ ቆመን፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

እንግዲህ በራሳቸው ሰዎች መካከል ተሰባስበው የሚኖሩትን ስደተኞች ከመንቀፋችን በፊት የእኒህን አዛውንት ቃል እናስብ። ስደተኛው ወደ ወገኑ የሚጠጋው ባለአገሩን ስለ ናቀ አይደለም። ከሞት ጋር ብቻውን እንዳይገናኝ ነው። ቋንቋውን የሚሰማው፣ ለቅሶውን እንደ ለቅሶ የሚያለቅስለት፣ የአባቱን ስም የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ድንጋጌ፣ ስደተኛው በራሱ ቋንቋ የሚናዝዘውና የሚያስተምረው ካህን እንዲያገኝ ያዘዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን የስደተኛውን መሰብሰብ እንደ ኃጢአት ቈጥራው አታውቅም።

ይሁን እንጂ አዛውንቱ ጨዋታቸውን በዚህ አላቆሙም። ማር እያመጣ የሚሸጥላቸው አንድ የጉሙዝ ሰው ነበር። ማሩን በበርበሬና በጨው ይለውጡታል፤ በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ ይለያያሉ። «ሦስት ዓመት ማር ገዛሁት» አሉን፣ «ስሙን አልጠየቅሁትም።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። እኛም ዝም አልን።

ሦስት ዓመት ስም ሳይጠያየቁ የኖሩት ክፉዎች ሆነው አይደለም። በመካከላቸው የቆመውን ነገር ሁለቱም አልሠሩትም። መንግሥት ያን ሸለቆ ባዶ መሬት ብሎ ነበር የመረጠው። ባዶ ግን አልነበረም። ጉሙዞች በዶማ እየቆፈሩ ማሽላ የሚዘሩ፣ መሬቱ ሲደክም ለዓመታት አሳርፈው ወደ ሌላው የሚያልፉ፣ ከዱሩ ማርና አደን የሚያገኙ ሕዝብ ናቸው። ያረፈው መሬት ለካርታ ሠሪው ባዶ ሆኖ ታየው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ለብዙ ዘመን ከደጋ ወደ ጉሙዝ አገር የሚወርደው ሰው ባሪያ ፈንጋይ ነበር። ልጆቹን ተነጥቆ የኖረ ሕዝብ፣ በአንድ ክረምት በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ የደጋ ሰዎች በትራክተር ታጅበው ሲመጡ ባየ ጊዜ ምን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም።

በኬብሮን አብርሃም ጠይቆ ነበር። በበለስ ግን የጠየቀ የለም። ሰፋሪውን ትሄዳለህን ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ባለአገሩንም ትቀበላለህን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሁለቱ ያልተጠየቁ ሕዝቦች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ ሕዝቦች መዋሐድ የሚጽፉ ሊቃውንት ስለ ቋንቋና ስለ ትምህርት ቤት አብዝተው ይናገራሉ፤ እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ያለ ጥያቄ መቀመጥ የሚያስከትለውን ዕዳ ብንመለከት እንወዳለን። ዕዳው ሳይከፈል ዘመናት አለፉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ሰፋሪ በእግሩ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ የቀረውም ኑሮውን ቀጠለ፤ ልጅ ወልዶ ዳረ። በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ የፈሰሰው ደም የአማራው፣ የሺናሻው፣ የአገዉ፣ የኦሮሞው፣ የጉሙዙም ደም ነበር። በዚያ ቦታ የሞተውን በወገን ቆጥሮ የሚያለቅስ ሰው ለቅሶው ጎዶሎ ነው።

የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ሲቋቋም የወሎን ደጋና የመተከልን ቆላ በአንድ እረኛ ሥር ማድረጉን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ሰፋሪው የወጣበትና የሰፈረበት አገር በአንድ መንበር ዙሪያ ተገናኙ ማለት ነው። በካርታ ላይ ቀላል ነው። በአንድ ማዕድ ማቀራረቡ ግን ከእያንዳንዱ ቁምስና የሚጠበቅ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

የስደተኛ መንደር ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው እንዳይባል፣ ስለ ሌላ መንደር ደግሞ እንናገር። በሮማ ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠ በመሆኑ እስከ ዛሬ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። ከኢየሩሳሌም የዞሩ፣ በበረሃና በባሕር ብዙ ጓደኞቻቸውን የቀበሩ መነኮሳት በዚያ ቤት ተሰባስበው በግዕዝ ይቀድሱ፣ እንደ አገራቸው ይጾሙ ነበር። በዛሬው አነጋገር ፍጹም የተለየ የሐበሻ ሰፈር ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ከደብረ ሊባኖስ የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን ከሮማ ሊቃውንት ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች ከተማ ታተመ። ፊደሉን የሚያነቡት መነኮሳት የሕትመትን ሥራ አያውቁም፤ ሕትመቱን የሚያውቁት ሮማውያንም ፊደሉን አያነቡም ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ ስሕተት አያጣውም። ሆኖም ሁለቱ አላዋቂዎች አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ አንድ መጽሐፍ አወጡ። ማርያኖ ቪቶሪዮ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅም በአባ ተስፋ ጽዮን እየተረዳ ግዕዝን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1552 የግዕዝን ሰዋስው ለአውሮፓ አሳተመ።

እነዚያ መነኮሳት ግዕዛቸውን ጥለው ላቲን ቢይዙ ኖሮ ለሮማ የሚሰጡት ነገር ባልኖራቸው ነበር። በራቸውን ዘግተው ቢቀመጡም ያው ነበር። የሚሰጥ ነገር የያዘ ቤትና የሚከፈት በር አንድ ላይ ተገኙ። አገራችንም በበኩሏ እንዲህ ያለ ስጦታ ተቀብላለች። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አርመኖቹ በአራዳ አካባቢ ተቀራርበው ኖሩ፤ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ሠሩ። ያም ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው ከእነርሱ ወገን የሆነው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ለምን ተሰባስባችሁ ትኖራላችሁ ተብለው ቢበተኑ ኖሮ ማን ምን ያተርፍ ነበር?

ዛሬ ደግሞ የእኛ ሰዎች በተራቸው በሰው አገር ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የወጣው ወገናችን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሱቁንና ምግብ ቤቱን ከፍቷል፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በከተማው አስተዳደር ተሰይሟል። ስሙን ስንሰማ ደስ አለን፤ እውነት ለመናገር ኩራትም ተሰማን። ልጆቻችን እንጀራ የሚያገኙበት፣ ጥምቀትን የሚያከብሩበት፣ ሲሞቱም አስከሬናቸው ወደ አገር እንዲመለስ ገንዘብ የሚዋጣበት ሰፈር መኖሩ ያጽናናል። ነገር ግን ለልጃችን በሎስ አንጀለስ የምንመኝለትን ነገር፣ ወደ ከተማችን ለሚመጣው ለሌላው ሰው ልጅ ስንነፍገው ራሳችንን ምን እንበለው? (ቁምስናዎቻችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቡና ሲጠጣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚያይ ሰው፣ የእያንዳንዱን የትውልድ ወረዳ ሳይጠይቅ ያውቃል።)

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ተፈትናለች። በኢየሩሳሌም የግሪክን ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው ምግብ ዕደላ ስለ ተዘነጉ አንጐራጐሩ (ሐዋ. 6)። ሐዋርያት ለምን ራሳችሁን ለይታችሁ ታጉረመርማላችሁ ብለው አልገሠጹአቸውም። ቋንቋችሁን ተዉም አላሉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም ብናነብ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ፤ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ጭልፋው ተዘነጋን ለሚሉት ወገኖች ተሰጠ ማለት ነው። ሐዋርያት ያለ ጭቅጭቅ ይህን ማድረጋቸው ሁልጊዜ ያስደንቀናል። በዘመናችን ቢሆን ኮሚቴ ይቋቋም፣ ኮሚቴውም ቅሬታው መሠረት የለውም ብሎ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። በሮማ ለሐበሾች የተሰጠው ቤት በስሙ የሚጠራው እስጢፋኖስም ከነዚያ ሰባት አንዱ መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ለ2018 የስደተኞች ዓለም አቀፍ ቀን በጻፉት መልእክት መቀበልን፣ መጠበቅን፣ ማሳደግንና ማዋሐድን አራት ተግባሮች አድርገው አኑረዋል። ማዋሐድ የመጨረሻው መሆኑን ልብ እንላለን። ያልተቀበሉትንና ያልጠበቁትን ሰው ተዋሐድ ማለት ማስፈራራት ነው።

አሁን ወደ ኩልመስክ እንመለስ፤ ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያነሣሣን በዚያ ያየነው ነገር ነውና።

በ1977 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት ከወሎ ወደ ወለጋ የተወሰዱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በዚያ ተወልደው፣ ኦሮምኛ ከአማርኛ ጋር አፋቸውን ፈትተው አደጉ። ባለፉት ዓመታት የደረሰባቸውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች ነበሩ። የተረፉት ሸሽተው አያቶቻቸው ወደ ወጡበት ወደ ወሎ መጡ። በሀብሩ ወረዳ የጃራ መጠለያ ብዙዎችን አስጠለለ። ጥቂቶች ግን የአያታቸውን ደብር ስም ብቻ ይዘው፣ ዘመድ እናገኛለን ብለው እስከ ላስታ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሄድንበት ጊዜ ከከተማው ዳር ተቀራርበው በኪራይ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ቤተ ሰቦች አገኘን።

የአያታቸው አገር ነው፤ ስማቸውም የአገሩ ስም ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ሰው «ከወለጋ የመጡት» ይላቸዋል። መሬቱ ከተከፋፈለ ዘመን የለውም፤ አያታቸው ያረሰውን ማሳ የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ቢሆን ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ የለውም። ስለዚህ በጉልበት ሥራ፣ በእንጨት ለቀማ፣ በጠላ ሻጭነት ይኖራሉ። ማታ ማታ ቡና ሲያፈሉ በኦሮምኛ ይጨዋወታሉ። ይህ በከተማው ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። «አገራቸው ገብተው እንኳ አይቀላቀሉንም» የሚል ከአንድ በላይ ሰው አነጋግሮናል።

አንዲት እናት በገበያ መካከል ለልጃቸው በኦሮምኛ ሲናገሩ፣ አንድ ጎልማሳ «የገዳዮችህን ቋንቋ» ብሎ ልጁን ሰደበባቸው። እናቲቱም ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ከጎተራዋ ሥር ደብቃ፣ ለልጄ ወተት እያጠጣች ያወጣችን ሴት ቋንቋ ነው» አሉት። ጎልማሳው የመለሰው ነገር የለም። እናቲቱ ይህን ሲነግሩን ምሬት አልነበረባቸውም፤ ያቺ ሴት ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር ስለማያውቁ ግን አለቀሱ። እኛ በዚያ ጎልማሳ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም፤ እርሱም ከወገኑ የሞተበት ሰው ይሆናል። ይሁን እንጂ ጠላትነትን የሚያፈርሰው ክርስቶስ ሁለቱን ወገን አንድ ያደረገበት ጥል ግድግዳ (ኤፌ. 2) በኬላና በወሰን ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በገበያ መካከል በአንድ ቃል ይካባል።

ከነዚህ ቤተ ሰቦች ጋር በተያያዘ የሰማነው ሌላው ነገር ስለ ቅሬ ነው። ሰፈሩ ነባር ቅሬ አለው፤ ዳኛ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ሁለት ድንኳን፣ ብዙ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው። ይህ ሁሉ በዓመታት መዋጮ የተገኘ በመሆኑ አዲስ ገቢ መግቢያ እንዲከፍል ደንቡ ያዝዛል። ደንቡ ፍትሐዊ ነው፤ አባቶች ያለ ምክንያት አላወጡትም። ከወለጋ የመጡት ግን ያን ገንዘብ በዓመትም አያገኙትም። ስለዚህ የራሳቸውን ቅሬ ቆሙ። ንብረታቸው ሁለት ዶማ፣ አንድ ድስትና ድንኳን የሚሆን የላስቲክ ሸራ ነው። አያቶቻቸው በፓዊና በወለጋ ያደረጉትን እነርሱ በአያቶቻቸው አገር ደገሙት። በሩ ስለ ተዘጋባቸው ሌላ በር ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ራሳችሁን ለያችሁ ተባሉ።

ለሦስት ወራት ያህል ይህ ቅሬ የቀበረው ሰው አልነበረም። ኋላ አንዲት አሮጊት ሞቱ፤ ከላስታ ወጥተው ላስታ ገብተው ለመሞት የበቁ ብቸኛዋ ሰው እርሳቸው ነበሩ። ቤተ ሰቡ ሬሳውን አጠበ፤ ጎልማሶቹም ሁለቱን ዶማ ይዘው ወደ ደብሩ ወጡ። የከተማው ሰው ግን መሞታቸውን አልሰማም፤ አዲሱ ቅሬ ጡሩምባ የለውምና። በደንቡ መሠረት የነባሩ ቅሬ ጡሩምባ ለአባል ካልሆነ አይነፋም።

ጡሩምባ ነፊው ድኻ ጎረቤታቸው ነበረ። ሌሊቱን የለቅሶውን ድምፅ ሲሰማ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶ ከጉብታው ላይ ወጣና ነፋ። ሰዉም እንደ ወትሮው የእኛ ሰው ሞተ ብሎ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ፤ ከለቅሶው ቤት ሲደርስ የማን ለቅሶ እንደ ሆነ አየ። ከደረሰ በኋላ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ከነባሩ ቅሬ ዶማ መጣ፤ ከድንኳኖቹም አንዱ ተተከለ። መቃብሩን የቆፈሩት ከሁለቱም ወገን ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ግን የቅሬው ዳኛ ደንብ ተጥሷል ብለው ጡሩምባ ነፊውን ከጉባኤው ፊት አቆሙት። እኒህ ዳኛ ክፉ ሰው አይደሉም። ደንብ አንድ ጊዜ ከተላላ ነገ ቅሬው ይፈርሳል ብለው የሚሠጉ፣ ቅሬውን በችግር ዘመን አቁመው ያቆዩ ሽማግሌ ናቸው። ደንቡን እያወቅህ ለምን ነፋህ ብለው ሲጠይቁት፣ «ጌታዬ፣ እኔ ስነፋ የማን ሬሳ እንደ ሆነ አልተናገርሁም። ጡሩምባውም አይናገርም። ሰው መሞቱን ነው ያሳወቅሁት» አላቸው። የደንቡ ቅጣት ሃምሳ ብር ነው። ሦስት ሰዎች ተነሥተው እኛ እንከፍልለታለን አሉ። ዳኛውም ቅጣት በሌላ ሰው አይከፈልም ብለው ከለከሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጭቅጭቅ ሆነ። ከወለጋ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው ከበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከጉባኤው አንድ ሰው ቦታ ለቀቀላቸውና ተቀመጡ።

ስብሰባው ስለ ቅጣቱ ሳይወስን ለጥምቀት ማግስት ተቀጠረ። ለአዲስ ገቢዎች መግቢያው በጉልበት ሥራ ይከፈል የሚል ሐሳብም ስለ ቀረበ፣ በዚያው ቀን አብሮ እንዲታይ በመዝገቡ ተጻፈ። ጸሐፊው ሲጽፍ የሁለቱን ሽማግሌዎች ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጠየቃቸው።